የተነበበ ሁሉ ይወገድ

አቶ ወንድምአገኝ መጽሐፍ ይወዳል። በዚህ እንዳትጠራጠሩት። እንደ መጋረጃ፣ እንደ አበባ ማስቀመጫ፣ እንደ ሳሎን ምንጣፍ ይወደዋል። በመደርደሪያው በኩል ሲያልፍ ጀርባ ጀርባቸውን በመዳፉ ይዳብሳቸዋል፤ ከመስመር ወጣ ያለ ካለ በጣቱ ገፋ አድርጎ ያስተካክለዋል። አንዱን እንኳ ገልጦ ሲያነብ ግን አላየሁም፤ አየሁ የሚል ካለ ይምጣና ይመስክር።

ፊት ለፊት «እርስዎ» ነው የምለው፤ ኃላፊዬ ነዋ። በዕድሜ ልጄ ይሆናል፤ የመንግሥት ወንበር ግን ሰውን በአንድ ሌሊት ሽማግሌ ያደርገዋል። እዚህ ከእናንተ ጋር ስሆን አንቱታው ከጉሮሮዬ አልወጣ ይለኛል፤ ይቅር በሉኝ።

ዕፀገነት እባላለሁ። ልደታ፣ ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ ባለች አንዲት የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ፀጉሬ ጥቁር ሳለ ገብቼ እዚያው ሸብቻለሁ። ውሰት የለንም፤ መጽሐፉ እዚሁ ይነበባል፣ እዚሁ ይመለሳል። ስለዚህ ማን ምን እንደሚያነብ ሳልጠይቅ አውቃለሁ። ከሜክሲኮ ኮሌጆች የሚመጡት ልጆች በሒሳብ መጽሐፍ ይጣላሉ። ጡረተኛው አቶ ገብረጊዮርጊስ ከታሪክ በቀር አይነኩም፤ አንድ ቦታ ላይ ሁልጊዜ ይናደዱና መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛውን ይመታሉ። እኔም ከዚያ ገጽ ደረሱ ማለት ነው ብዬ ሥራዬን እቀጥላለሁ።

መጽሐፍ እንዴት እንደሚመረጥ ልንገራችሁ። ኮሚቴ አለ። ኮሚቴው ውስጥ የፋይናንስ ሰው አለ፣ የግዥ ሰው አለ፣ የሰው ሀብት ሰው አለ፤ የሚያነብ ሰው ግን የለበትም። አንባቢው ምን እየጠየቀ ባዶ እጁን እንደሚመለስ በየዓመቱ እነግራቸዋለሁ። እነሱም በየዓመቱ «በመስፈርቱ ውስጥ የለም» ይሉኛል። መስፈርቱ ርካሽነት ነው። ነጋዴውም ብልጥ ነው፤ ሱቁ ውስጥ አልሸጥ ብሎት የከረመውን ጠራርጎ ያመጣልናል። አንድ ጊዜ ስለ ንብ ማነብ የተጻፈ አንድ ዓይነት መጽሐፍ ገዝተው መደርደሪያ ሙሉ ደረደሩ። ልደታ ላይ፣ ንብ። ከኮንዶሚኒየሙ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቀፎ ሊሰቅሉ አምሯቸው እንደሆነ እንጃ።

ስጦታ የሚባልም አለ። ባሕር ማዶ ያለ ደግ ሰው ጓዳውን ሲያጸዳ የተረፈውን በኮንቴይነር ይልክልናል፤ እኛም ባነር ሰቅለን አጨብጭበን እንቀበላለን። በበረዶ ላይ መንሸራተትን የሚያስተምረው ያ ወፍራም ባለ ሥዕል መጽሐፍ የደረሰን እንደዚህ ነው። የመዋኛ ገንዳ አጠባበቅን የሚያስረዳም አለን። ውኃ በፈረቃ የሚመጣለት ሰፈር ገንዳ እንዴት እንደሚጠበቅ ማወቅ አለበት፤ መቼም እውቀት አይከፋም። እነዚህን መጻሕፍት ማንም ነክቷቸው አያውቅም። ስለዚህ እንደ መጡ ናቸው፤ ያብረቀርቃሉ። አቶ ወንድምአገኝ ከሌላ ቢሮ ተዛውሮ የመጣ ዕለት ፊት ለፊታቸው ቆሞ «እንዲህ ነው እንጂ» ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

አሁን ነጅማን ላስተዋውቃችሁ። ወላጆቿ ከስልጤ መጥተው አብነት የከተሙ ናቸው፤ እሷም እዚያው ተወልዳ፣ እዚያው አግብታ፣ እዚያው በሰው በረንዳ ላይ የስፌት መኪናዋን ዘርግታ ትሠራለች። እጇ ላይ ያለውን ሙያ ከማንም አላወዳድርም፤ ይቺ የለበስኳት ጉርድ የእሷ ናት። የበረንዳው ባለቤት ግን ቤቱን ሊያድስ ስለሆነ ልቀቂ ብሏታል። ወረዳው በበኩሉ ለልብስ ሰፊዎች መሥሪያ ቦታ ሊሰጥ ነው ተባለ። ቦታውን የሚያገኘው ግን ሲኦሲ የሚሉትን የሙያ ፈተና ያለፈ ብቻ ነው። ፈተናው ስፉልን አይልም። ኮሌታውንና እጅጌውን በስሌት ወረቀት ላይ ንደፉ ይላል። ነጅማ ደግሞ ስፌት የተማረችው ከአክስቷ በዓይኗ ነው፤ ጨርቅ ስጧት ትቆርጣለች፤ ወረቀትና ማስመሪያ ስትሰጧት እጇ ይተሳሰራል።

ይህን የሚያስተምር በአማርኛ የተጻፈ አንድ የልብስ ቅድ መጽሐፍ ነበረን። አንድ ብቻ። ሽፋኑ ከወደቀ ቆይቷል። ማዕዘኑ ሁሉ ተጣጥፏል። የእጅጌው ንድፍ ያለበትን ገጽ ሴቶች ከሥሩ ወረቀት እያነጠፉ በመርፌ እየወጉ ስለሚገለብጡት እንደ ወንፊት ተበሳስቷል። ጠርዙ ላይ በእርሳስ «ለወፍራም ሴት እዚህ ጋ ጨምሪ» ብላ የጻፈች አለች፤ ከሥሯ ሌላዋ «እውነቷን ነው» ብላለች። ነጅማ ከምሳ በኋላ መኪናዋን ለጎረቤት አደራ ሰጥታ ትመጣለች፤ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ከዚያ መጽሐፍ ጋር ትታገላለች። አንገቱ በገባት ቀን «እትዬ ዕፀገነት፣ ኮሌታው ገባኝ» ብላ እንደ ሕፃን ሳቀች። እጅጌው ቀራት።

እንግዲህ በዚህ መሃል ነው ምዘና የሚባል መዓት የመጣው። የሞዴል ቤተ መጻሕፍት ምርጫ ሊካሄድ ነው፤ መዛኞች ሊመጡ ነው። አቶ ወንድምአገኝ ሰበሰበንና ቆሞ ተናገረ። ከዛሬ ጀምሮ የተቀደደ፣ የቆሸሸ ወይም የተጻፈበት ማንኛውም ነገር በዚህ ቤት ውስጥ አንዲት ቀን አያድርም አለ። መጽሐፍም ሆነ ወንበር፣ መጋረጃም ሆነ ማስታወቂያ፣ ወዲያው ተለይቶ ወደ መጋዘን ይገባል፤ ከዚያ ይወገዳል። ኮሚቴው አጨበጨበ። እኔ እጄን አወጣሁ። ስብሰባ ላይ እጅ ማውጣት እንደማልወድ የሚያውቁ ሁሉ ዞረው አዩኝ።

«አቶ ወንድምአገኝ፣ የቆሸሸው እኮ ስለተነበበ ነው የቆሸሸው። ንጹሕ ያሉት ማንም የማይፈልገው ነው» አልኩት።

ፈገግ አለ። ለማያውቅ ሰው እንደሚራራ ሰው ነው ፈገግ ያለው፤ ያቺን ፈገግታ እስካሁን አልረሳኋትም።

«ወይዘሮ ዕፀገነት፣ እርስዎ ስለ ውስጡ ያስባሉ። መዛኝ የሚያየው መደርደሪያውን ነው።»

መጻሕፍቱን እኔ እንድለይለት አዘዘኝ፤ እጄን ቁረጡት አልኩ። ቅዳሜ ከሰዓት፣ እኔ በሌለሁበት፣ ከኮሚቴው ጋር ራሱ ለየው። መለየቱ እንኳ አላደከማቸውም፤ ምን ማንበብ ያስፈልጋል? በዓይን ነው። ያረጀ ወደ ማዳበሪያ፣ አዲስ ወደ መደርደሪያ።

ሰኞ ስገባ መደርደሪያዎቼ ጥርሱን አስነቅሎ አርቴፊሻል ያስገባ ሽማግሌ መስለው ጠበቁኝ። ንቡ አንድ ግድግዳ ሙሉ ይዟል። በረዶው ፊት ለፊት በማቆሚያ ላይ ቆሟል። ሒሳቡ የለም፤ ታሪኩ የለም፤ የልጆች ተረት የለም፤ የልብስ ቅዱ የለም። አቶ ገብረጊዮርጊስ መጡና መጽሐፋቸውን ፈለጉ። አጡት። ለክብራቸው ሲሉ አንዱን የንብ መጽሐፍ ይዘው ተቀመጡ፤ ትንሽ ቆይተው መልሰው አስቀመጡትና ደህና ዋይ ልጄ ብለውኝ ወጡ። በማግሥቱ አልመጡም። የኮሌጅ ልጆቹም አንድ በአንድ ቀሩ። አዳራሹ በንጽሕና ጸጥ አለ። አቶ ወንድምአገኝ ይህንንም ጸጥታ እንደ ሥርዓት ቆጥሮ አመሰገነኝ።

መጋዘናችን ደረጃ ሥር ነው፤ በሩ ሽቦ ስለሆነ ውስጡ ከውጭ ይታያል። የተሰበሩ ወንበሮች፣ የማይሠራ ማባዣ ማሽን፣ አሁን ደግሞ በማዳበሪያ የታጨቁ መጻሕፍቴ። የልብስ ቅዱ መጽሐፍ ሰፊ ስለሆነ ማዳበሪያ ውስጥ አልገባ ብሏቸው ከላይ ጣል አድርገውታል። ነጅማ በመጣች ጊዜ በሽቦው በኩል አየችው። እጇን ብትዘረጋ የምትደርስበት ይመስላል፤ ግን አይደረስበትም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው።

ቁልፉ ያለው የንብረት ክፍሉ አምሳሉ ጋ ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ መመሪያ የሚሉት ነገር አንጎሉ ውስጥ ገብቶበት ነው። ልቤን አፍኜ ለመንኩት። እሱም አስረዳኝ። እነዚህ መጻሕፍት ሊወገዱ የተለዩ ናቸው፤ ሊወገድ የተለየ ንብረት ደግሞ ለማንም አይሰጥም። እስኪወገድ ድረስ እንዳይጠፋ ይጠበቃል። የሚወገደው አስወጋጁ ኮሚቴ ሲሰበሰብ ነው፤ አስወጋጁ ኮሚቴ መቼ እንደተሰበሰበ እሱም አያስታውስም፤ እነዚያ ወንበሮችም እሱን ነው የሚጠብቁት። ለመጣል እንጠብቀው፣ ለማንበብ ግን አንስጠው ነው የምትለኝ ወይ አልኩት። አዎ አለኝ፣ ሳያፍር። መልሱልኝ ብዬ ባመለክትስ? ቃለ ጉባኤው እንዲሻር የለየው ኮሚቴ እንደገና መሰብሰብና ተሳስተናል ማለት አለበት። ኮሚቴ ተሳስቻለሁ ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆሞ ማውረድ ይቸግራል ይባል የለ።

ነጅማ ስንነጋገር ታዳምጥ ነበር። በመጨረሻ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው።

«ጋሽ አምሳሉ፣ ይሄ በር መቼ ነው የሚከፈተው?»

«የሚገባ ዕቃ ሲመጣ» አላት።

አመስግናው ሄደች። እኔ ተስፋ ቆርጣ መስሎኝ ነበር።

የመዛኞቹ ቀን ደረሰ። መደርደሪያ አለ፣ መጽሐፍ አለ፤ አንባቢ ጠፋ። አቶ ወንድምአገኝ ይሄኔ ነው ማላብ የጀመረው። የጥበቃውን ዘመዶች፣ ለሥልጠና የመጡ ወጣቶችን፣ ያገኘውን ሁሉ እየጎተተ አስቀመጠ። ሴት አንባቢ ሲያጣ፣ በሽቦው በር አጠገብ የቆመችውን ነጅማን አያት። ለካሜራ አንዴ ብትቀመጥለት፣ ምዘናው እንዳለቀ መጽሐፏን አስወጥቶ እንደሚሰጣት ማለላት። አዎ፣ ማለ። የቸገረው እርጉዝ ያገባል፤ ተቀመጠች። ሻርፗ ለፎቶ አይሆንም ተብሎ የጸሐፊዋን ኮት አለበሷት። ኮቱ ለሁለት ነጅማ ይበቃል፤ ትከሻው ክንዷ ላይ ወርዷል፣ እጅጌው ጣቷን ውጦታል። በእጇ ያንን የበረዶ መጽሐፍ አስያዟት። ልብስ የምታውቅ ሴት፣ በማይሆናት ልብስ፣ በማይሆናት መጽሐፍ። እኔ አላይም ብዬ ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

መዛኞቹ መጡ። አንዱ ጣቱን መደርደሪያው ላይ አንሸራተተና አቧራ ፈለገ፤ አጣ፤ ሙሉ ነጥብ ሰጠ። ሌላው የንቡን ግድግዳ ቆሞ አደነቀ። መጽሐፍ የገለጠ አልነበረም። ላዩ አማረ፣ ውስጡን ለቄስ። ሻይ ጠጥተው ሄዱ፤ እኛም ሞዴል ሆንን።

ነጅማ በማግሥቱ መጣች። ቢሮው በር ላይ ቆማ፣ ቃል የገባላትን በትሕትና አስታወሰችው። ፈተናው ከዒድ በኋላ እንደሆነ፣ የቀራት እጅጌው ብቻ እንደሆነ ነገረችው። አንገቱን ከወረቀቱ ቀና አላደረገም።

«እህቴ፣ መጽሐፍ ሞልቶ የለም እንዴ? ሌላ አንብቢ።»

ፊቷ ሲለዋወጥ አየሁ። አላለቀሰችም። ገብቼ ያንን ጠረጴዛ ብገለብጠው ደስታዬ ነበር። አላደረግሁትም።

ሳምንት ሳይሞላ ፎቶው በትልቅ ባነር ታትሞ በብረት ፍሬም ተወጥሮ መግቢያችን ላይ ቆመ። ነጅማ በግዙፍ ኮት ውስጥ፣ በረዶ ላይ የሚንሸራተት ነጭ ሰው ያለበትን መጽሐፍ ይዛ፣ ከሥሯ «ንባብ ለብልጽግና» የሚል ነገር። የአብነት ሰው ደግሞ ለቀልድ አያንስም። ታክሲ ተራ ላይ «ነጅማ፣ በረዶው መቼ ነው የሚጥለው?» ይሏታል። ረጋ ያለች ደንበኛዋ ሳይቀር ለመንሸራተቻ የሚሆን ልብስ ትሰፊልኛለሽ ወይ ብላ ሳቀችባት። በሥራዋ የምትኮራ ሴት ናት፤ በኮቱ ነው ይበልጥ የተቃጠለችው። እሷ የሰፋችው መስሏቸው ቢሆንስ አለችኝ።

ከዚያ ከሌላ ክፍለ ከተማ ለልምድ ልውውጥ እንግዶች የሚመጡበት ቀን ሆነ። ከእኛ ልምድ ሊወስዱ። ጉድ ነው። አቶ ወንድምአገኝ ከጠዋት ጀምሮ ክራቫቱን እየነካካ ከበር ወደ አዳራሽ፣ ከአዳራሽ ወደ በር ይላል። እንግዶቹ ሜክሲኮ ደርሰናል ብለው ደውለዋል። ይሄኔ ነጅማ ገባች፤ በሰፊው ጅልባቧ ተሸፍናለች። ቀጥ ብላ ወደ እኔ መጣች።

«እትዬ ዕፀገነት፣ ማርከርዎን ያውሱኝ።»

በመጽሐፍ ጀርባ ላይ ቁጥር የምጽፍበት፣ በምንም የማይለቅ ጥቁር ማርከር ነው። ሰጠኋት። ለምን ብዬ አልጠየቅሁም፤ ብጠይቅም እሰጣት ነበር።

ወደ ባነሩ ሄዳ ፊት ለፊቱ ቆመች። ደንበኛ እንደምትለካ አንገቷን ዘንበል አድርጋ አየችው። ከዚያ በኮቱ ትከሻ ላይ ዘለግ ያለ መስመር አሰመረች፣ በጎኑ ሌላ፣ በእጅጌው ላይ ሌላ። «እዚህ ጋ ይጥበብ» ብላ ጻፈች። «ከዚህ ይቆረጥ» ብላ ጻፈች። የያዘችው መጽሐፍ ላይ ስትደርስ ትንሽ አሰበችና «ይህ ይለወጥ» አለች። ሕዝቡ ተሰበሰበ፣ ጥበቃው አፉን ከፍቶ ቀረ፤ አቶ ወንድምአገኝ ሲደርስ እሷ ማርከሩን እየከደነች ነበር።

ምን ማድረጓ እንደሆነ ጠየቃት።

«ኮቱ ልኬ አልነበረም፤ አስተካከልኩት» አለችው።

ጨርቅ አምጡ አለ፤ አሹት። አልለቀቀም። ሳሙና አምጡ አለ፤ ባሰበት፣ ፎቶው ላይ ያለው ፊቷ ሁሉ ጠቆረ። የእንግዶቹ መኪና በር ላይ ጥሩምባ ሲነፋ ተሰማ። ወዲያ ወዲህ ሲል ዓይኑ እኔ ላይ አረፈ። እኔም እንደ መልካም ሠራተኛ እጄን አጣምሬ አስታወስኩት።

«የተጻፈበት ነገር በዚህ ቤት አያድርም ብለው ነበር እኮ።»

ነጅማ ለምን እንደመጣች ያን ጊዜ ነው የገባኝ። አቶ ወንድምአገኝ ግን የገባው ነገር የለም። እንግዳ እንዳያየው ብቻ ነው የቸኮለው።

«አምሳሉ፣ ክፈት! አሁኑኑ አስገቡት!»

አምሳሉ ቁልፉን አመጣ። ፍሬሙ ለአንድ ሰው አይቻልም፤ እኔ ራሴ ያበላሸሁትን እኔው እሸከማለሁ ብላ ነጅማ በአንድ ወገን ያዘች፣ እኔ በሌላው። በሩ ተከፈተ። ደረጃው ሥር ጎንበስ ብለን ገባን፤ አቧራው አፍንጫዬን ሞላው፤ አይጥ ከአንዱ ማዳበሪያ ወደ ሌላው ሮጠ። ባነሩን ከወንበሮቹ ጋር አስደገፍነው። ቀና ስል ነጅማ እጇን ከማዳበሪያው ላይ ወደ ጅልባቧ ሥር ስትመልስ አየሁ። አምሳሉ በሩን ይዞ ቆሟል። አይቷል። ከእኔ በላይ አይቷል።

አምሳሉ ወደ ግድግዳው ዞረ፤ ቁልፉን እያዟዟረ ለራሱ እንደሚናገር ሰው፣ «እኔ የማውቀው የገባውን ነው» አለ።

በሩ ተዘጋ። ነጅማ ስትወጣ አቶ ወንድምአገኝ በጣቱ እየጠቆመ ሁለተኛ እዚህ ግቢ እንዳላይሽ አላት። እሺ አለች። ሁለት እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ፣ እንግዶቹን በአክብሮት አሳልፋ ወጣች። አንዷ እንግዳ ነፍሰ ጡር መስላት መንገድ ለቀቀችላት።

እንግዶቹ በመደርደሪያዎቻችን ተደነቁ። መጻሕፍቱን እንዲህ ንጹሕ አድርጋችሁ የምትጠብቁት እንዴት ነው ብለው እኔን ጠየቁኝ። እንዳይነበቡ በማድረግ ነው አልኳቸው። ማስታወሻ ያዙ።

ከዒድ በኋላ ነጅማ ተፈተነች። አለፈች፤ ውጤቱን በስልክ ስትነግረኝ ከጀርባዋ እልልታ ይሰማል። የእጅጌውን ንድፍ ጨርሳ ስታስረክብ ፈታኙ የት ተማርሽው ብሎ እንደጠየቃት፣ እሷም ከሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ማለቷን ስትነግረኝ ግን ሳቋ ጠፋ፤ ሁለተኛ እንዳላይሽ የተባለችው ከዚያው ቤት ነዋ። የኔም ጠፋ። መሥሪያ ቦታውን ሲሰጧት መጽሐፉን መጥቼ እንድወስድ ላከችብኝ፤ መቼም እሷ ግቢው ውስጥ ድርሽ አትልም።

አብነት ሄድኩ። መጽሐፉን ስትሰጠኝ አላወቅሁትም። የተረፈ ጥቁር ሰማያዊ የሱፍ ጨርቅ በወፍራም ካርቶን ላይ ወጥራ ሽፋን ሰፍታለታለች። የተላቀቁትን ገጾች በክር ይዛቸዋለች፤ የተቀደዱትን በስስ ጨርቅ ደግፋቸዋለች። ስሙን በወርቃማ ክር ጠልፋለች። የእርሳሱን ጽሑፍ አልነካችም፤ የመርፌውን ቀዳዳም አልደፈነችም። «ከእኔ በኋላ የምትመጣ አለች» አለችኝ።

በማግሥቱ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጥኩት። እውነቱን ለመናገር ፈርቼ ነበር፤ አቶ ወንድምአገኝ ካወቀው ከእኔም አልፎ አምሳሉን ያስቀጣዋል። በዚያው ቀን እንዳለች የምትባል፣ ከኮንዶሚኒየሙ የመጣች ሴት የልብስ ቅድ መጽሐፍ አላችሁ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። እሷም ለቀጣዩ ፈተና ተመዝግባለች፤ ነጅማ ናት የላከቻት። ልሰጣት እጄን ስዘረጋ ከጀርባዬ የታወቀ የጫማ ድምፅ መጣ።

አቶ ወንድምአገኝ መጽሐፉን ከጠረጴዛው አነሣው። ጨርቁን በመዳፉ ዳበሰ። የወርቁን ክር በጣቱ ተከተለው። ጀርባውን አየ፣ ማዕዘኑን አየ፣ ወደ ብርሃን አቅርቦ አየው። ማየት የሚቻለውን ሁሉ አየ። አልገለጠውም።

«ይኼ ነው መጽሐፍ ማለት» አለኝ። «የግዥ ኮሚቴው እንዲህ ያለውን ነው መግዛት ያለበት። መቼ ነው የገባልን?»

«በቅርቡ» አልኩት።

ለእንዳለች በሁለት እጁ አቀበላትና እንዲህ እንደ ጸዳ እንድትመልሰው አስጠነቀቃት። እሷም አመስግናው መስኮቱ ሥር፣ ነጅማ ትቀመጥበት የነበረው ወንበር ላይ ተቀመጠች። እጅጌውን ገልጣ ወረቀቷን ከሥሩ አነጠፈችና ከቦርሳዋ መርፌ አወጣች።